ገና ለሁለት ሰው፦ ሐዋሳ፣ ከቤተሰብ ርቆ፣ ማክሰኞ ሥራ እያለ

አዲስጎጆ | ታኅሣሥ 11
ሰላም ለቤቱ። ጥቅምት ላይ ተጋብተን ለሥራ ሐዋሳ ገብተናል። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ሁለታችንም እስከ 11:30 ቢሮ ነን፤ ስለዚህ ወደ ቤተሰብ መሄዱ አልተቻለም። ያለን አንድ ክፍልና ጠባብ ማዕድ ቤት፣ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ የግቢው የጋራ ምጣድ። ፍሪጅ የለም። ሁለታችንም እንጾማለን። ጥያቄዎቻችን፦ አንድ ዶሮ ለሁለት ሰው ይበዛል? ምኑ መቼ ይጀመር? ሳይቀመስ ጨው እንዴት ይለካል? ድፎ ዳቦ እንሞክር ወይስ እንግዛ? ጎረቤቶች ቅርጫ ግቡ እያሉን ነው፣ እንግባ? እባካችሁ "እናታችሁን ጠይቁ" አትበሉን። ጠይቀናል፤ መልሱ "በዓይናችሁ ገምቱት" ነው።

ቁሌትአብሳይ | ታኅሣሥ 11
ከማክሰኞ ማታ ወደ ኋላ ቁጠሩ። 11:30 ከሥራ ወጥታችሁ ሽንኩርት መላጥ ከጀመራችሁ ወጡ ለቅዳሴ መሄጃ አይደርስም፤ ቢደርስም ቁሌቱ ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘዴው ቁሌቱን እሁድ ታኅሣሥ 26 በዘይት ሠርቶ ማስቀመጥ ነው። በዘይት የተሠራ ቁሌት የጾም ምግብ ነው፣ ይቀመሳል። የጨው ጥያቄያችሁ እዚያው ያልቃል። ቅቤውና ዶሮው የሚገቡት ማክሰኞ ማታ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ምላሱን አያስነካም።

ለአንድ ዶሮ ይህን ያዙ፦ ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ በርበሬ 150 ግራም (ሞላ ያለ 12 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ ዘይት 2 የቡና ሲኒ፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ራስ፣ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል፣ የተነጠረ ቅቤ 200 ግራም፣ ኮረሪማ 1 የሻይ ማንኪያ፣ እንቁላል 6።

ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት ደረቅ ድስት ውስጥ ይገባል። የራሱ ውሃ እስኪወጣና እስኪመጥ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ከዚያ ቀንሱት። ድስቱን መያዝ ሲጀምር የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አትጠቀሙ፤ ድስቱ ይበርድና ሽንኩርቱ መቁላላቱን ትቶ ይቀቀላል። ይህ ብቻውን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ ሲሟሟ ዘይቱ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ በርበሬው ይገባል። በርበሬው በትንሽ በትንሽ ውሃ ከ40 ደቂቃ ያላነሰ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ይግቡ፤ ቀድመው ከገቡ ያራሉ፣ ወጡም ይመራል።

መድረሱን የምታውቁት በሁለት ነገር ነው፦ ዘይቱ በድስቱ ዳር ዳር ይወጣል፣ ማማሰያው ያለፈበት መንገድም ወዲያው አይደፈንም።

ጨው፦ መጀመሪያ በርበሬያችሁ ጨው ያለበት መሆኑን ጣት ነክራችሁ እዩ። ካለበት 2 ልክ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ከሌለበት 4 ጨምሩ። ከዚያ ቁሌቱን ቅመሱት። "ትንሽ በዛ" የምትሉት ላይ ሲደርስ ልኩ ነው፤ ማክሰኞ ዶሮውና ውሃው ሲገቡ ይወርዳል። እሁድ ምጥን ያለ ጨው የኖረው ቁሌት ረቡዕ አልጫ ነው።

ድስትና_ክዳን | ታኅሣሥ 11
ከላይ ባለው ላይ ስለ ማስቀመጡ ልጨምር፣ ፍሪጅ የለንም ስላሉ። ቁሌቱ ትኩስ እያለ አትክደኑት። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ይሆንና መልሶ ይንጠባጠባል፤ የሚኮመጥጠው ከዚያ ነው። በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ አብርዱትና ከዚያ ክደኑ። ሰኞ ጠዋትና ማታ፣ ማክሰኞም ጠዋት ከሥራ በፊት፣ እስኪንተከተክ አሙቁት። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። የሐዋሳ ቀን ከአዲስ አበባ ይሞቃል፤ እዚያ ሁለት ቀን ሳይነካ የሚቆየው እዚህ አይቆይም።

ፈጣን_ኩሽና | ታኅሣሥ 12
2 ኪሎ ሽንኩርት በቢላ? በብሌንደር 3 ደቂቃ ነው።

ቁሌትአብሳይ | ታኅሣሥ 12
ብሌንደር ሽንኩርቱን ጭማቂ ያደርገዋል። ያን ውሃ ለማምጠጥ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ትቆማለህ፤ ከመክተፉ ያተረፍከውን ምድጃው ላይ ትከፍላለህ። ወጡም ልስልስ ያለ ሙቅ ይመስላል። ግድ ከሆነ ያለ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ነው።

ፈጣን_ኩሽና | ታኅሣሥ 12
ጫን ለቀቅ ነው እንጂ ማን ሾርባ አድርጉት አለ። ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው ይህም ያስኬዳል፤ ሁሉ ነገር ፈተና አይሁን።

ላባ_ነቃይ | ታኅሣሥ 12
ወደ ዶሮው። አንዱ ለሁለት ሰው ይበዛል፣ ግን ዶሮ በግማሽ አይታረድም፤ እንግዳም አይጠፋም። ከገበያ ስትገዙ ደረቷን ዳብሱ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ሥጋ የላትም። ዓይኗ ጠርቶ፣ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ የሌላት ትሁን። የምትገዙት የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ሰዓቱ ይለያያል። የፈረንጅ ሥጋ ዶሮ ቁሌት ውስጥ 25 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ካለፈ ከአጥንቱ ይለቃል። የሐበሻ ቄብ አንድ ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። አሮጊት እናት ዶሮ ከደረሰቻችሁ ግን ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጠንካራ ሥጋ ይዘገያል። ማክሰኞ ማታ ብቻ ላላችሁ ሰዎች ቄብ ግዙ።

ላባ ለመንጨት ውሃው እየተንተከተከ አይሁን፤ ቆዳው ይቀቀልና ከላባው ጋር እየተላጠ ይወጣል። 3 እጅ የፈላ፣ 2 እጅ ቀዝቃዛ ቀላቅሉ። አንድ ደቂቃ ያህል እያገላበጣችሁ ንከሩና የክንፏን ትልቅ ላባ ሳቡት፤ ሳይታገል ከወጣ በቃ። የቀረውን ጸጉር በእሳት ለብልቡ። ለወጥ ቆዳው ቢወጣ ይሻላል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሐሞቱን ተጠንቀቁ፣ ጉበቱ ላይ የተለጠፈችው አረንጓዴ ከረጢት ናት። ከፈሰሰች የነካችውን ሁሉ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሎሚም ጨውም አያስለቅቀውም።

አቆራረጥ፦ ቅልጥም 2፣ ታፋ 2፣ ክንፍ 2፣ ደረቱ ከነፈረሰኛው 3፣ ጀርባ 2፣ አንገት። 12 ሞላ። ቢላውን በመገጣጠሚያው እንጂ በአጥንቱ ላይ አታስኪዱ፣ ስብርባሪው ወጡ ውስጥ ይገባል።

እጥበቱ በጨውና በሎሚ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ፤ 5 ወይም 6 ጊዜ ነው። በመጨረሻው ሎሚ ውሃ ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ አትተዉት፣ ሥጋው ነጥቶ ይደርቃል።

ለአባወራው አንድ ነገር፦ አርጄ አላውቅም ካልክ የመጀመሪያህን በማክሰኞ ጨለማ አታድርገው። ከግቢው አንድ ልምድ ያለው ሰው ቀድመህ ለምን።

አዲስጎጆ | ታኅሣሥ 12
አባወራው አንብቦታል፣ ዝም ብሏል።

ቢላ_ሳይ | ታኅሣሥ 12
ዝምታው መልስ ነው 😄

እማማ_ቅቤ | ታኅሣሥ 13
ልጆቼ እንኳን አብሮ አደረሳችሁ፣ ጎጆው የሞቀ ይሁን። ስለ ቅቤው ማንም አልነገራችሁም። ለጋ ቅቤ 1 ኪሎ ሲነጠር የሚወጣው 700 ወይም 750 ግራም ነው፤ ቀሪው ውሃና አተላ ነው። ለእናንተ ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ 200 ለዶሮው፣ የተረፈው ለጥምቀት። ከሲዳማ ገጠር የሚወጣ ጥሩ ቅቤ ከእጃችሁ አጠገብ አለ፣ ግን በበዓል ሰሞን የአትክልት ቅቤ የሚቀላቅል አይጠፋም። ለመፈተን በእጅ መዳፍ ላይ ትንሽ አሹ፤ የላም ቅቤ በመዳፍ ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል፣ ሽታውም ይነሳል። ሽታ የሌለው ሞራ መሰል ከሆነ ተዉት።

አነጣጠሩ በጣም ለስላሳ እሳት ነው። ሲቀልጥ አረፋውን ግፈፉ፤ ከዚያ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ትንሽ አብሽና እርድ። መንተክተኩ ድምፁን ሲያጠፋና ከሥር ያለው በግልጽ ሲታይ ውሃው አልቋል ማለት ነው፤ አውርዱት፣ ይዝቀጥ፣ አጥልሉት። ውሃው ሳያልቅ የወረደ ቅቤ ይሻግታል፣ ያለፈበት ደግሞ ያራል። ይህን ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ጨርሱት። ጾም ስለሆነ አይቀመስም፤ በአፍንጫ ነው የሚታወቀው።

መብራት_ባለሙያ | ታኅሣሥ 13
የጋራ ምጣድ ስላላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ተራ ሶኬት የተሠራው እስከዚያ ብቻ ለመሸከም ነው። ከዚያው መስመር ላይ ምድጃ ከጨመራችሁ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ (ብሬከሩ ያለ ልክ ትልቅ ከሆነ) ሶኬቱ ይቀልጣል። የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ አጥፉና ጣታችሁን ወደ ሶኬቱ አስጠጉ፤ ከሞቀ በዚያ መስመር አትጋግሩ። በአክስቴንሽን ገመድ ምጣድ ማስኬድ ፈጽሞ አይሆንም።

በዋዜማው ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለሚጥድ ኃይሉ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የዶሮው ሰዓት ለከሰልም የታሰበ ይሁን፤ ከሰሉን ማክሰኞ ጠዋት አዘጋጅታችሁ ውጡ። ከሰል ግን በረንዳ ላይ! በአንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል፤ መርዙ ሽታ የለውም፣ ጭሱ ስለጠፋ አልቋል ማለት አይደለም። የነደደ ምድጃ ለሙቀት ብላችሁ አስገብታችሁ አትተኙ።

ኮባ_ቅጠል | ታኅሣሥ 13
ድፎ ሞክሩ፣ ሐዋሳ ሆናችሁ ኮባ አጠገባችሁ ነው። ግን ሰኞ ማታ ጋግሩት፤ ማክሰኞ የግቢው ሰው ሁሉ ምጣዱን ይፈልገዋል። ዳቦው የጾም ስለሆነ ቀድሞ መጋገሩ አያስቸግርም፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ሐሙስ ይቆያል።

ለሁለት ሰው ትንሹ ድፎ፦ የስንዴ ዱቄት 1 ኪሎ ተኩል፣ ለብ ያለ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ደረቅ እርሾ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር 2፣ ዘይት ግማሽ ሲኒ፣ ጥቁር አዝሙድና የተወቀጠ ድንብላል 1 የሻይ ማንኪያ ከየአንዳንዱ። ሊጡ ከተለመደው ዳቦ ላላ ይበል፣ እጅ ላይ ይያዝ። በሐዋሳ ሙቀት አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃዋል፤ ሁለት ሰዓት ከተዋችሁት ይነፋና መልሶ ይወድቃል፣ እርሾ እርሾም ይላል።

ኮባውን መሃል አጥንቱን በቢላ ላጥ አድርጋችሁ እሳት ላይ ለብ አድርጉት፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ምጣዱ ላይ ሁለት ድርብ አንጥፉ፣ ሊጡ፣ ከላይ ሌላ ኮባ፣ ክዳን። ምጣዱን አስቀድማችሁ አግላችሁ ሊጡ ሲገባ አጥፉት፤ 10 ደቂቃ በግለቱ ይቆይ፣ ከዚያ እያበሩ እያጠፉ 25 ደቂቃ። ገልብጡት፣ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት መጀመሪያው ላይ ነው፦ ምጣዱ እንደበራ ይተዉትና ሥሩ ከሰል ይሆናል፣ መሃሉ ሊጥ።

እንጀራ አትጋግሩ። ከሚሸጡት አንዷን ቅዳሜ እዘዙ፤ ማክሰኞ ማታ የሚወሰድ 15 እንጀራ ለሁለት ሰውና ለጥቂት እንግዳ ደህና ነው።

ሐይቅዳር | ታኅሣሥ 13
ገበያውን ማንም አላነሳም። የሐዋሳ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ሰኞ 27 የዋዜማው ዋዜማ ስለሆነ ግርግሩም ዋጋውም ሌላ ነው። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ኮረሪማ ሐሙስ 23 ጨርሱ፤ ለሰኞ ዶሮዋን ብቻ ተዉ። ዶሮ ቀድሞ መግዛት አትራፊ ይመስላል፣ ግን ሥራ ለሚውል ሰው ጥሬና ውሃ የሚሰጣት ከሌለ ትከሳለች፣ ግቢውንም ታሳብዳለች።

በነገራችን ላይ ቤተሰብ በርበሬ ወይም ቆሎ በአውቶብስ የሚልክላችሁ ከሆነ ከታኅሣሥ 17 በፊት ይላኩት ወይ ከ20 በኋላ። ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ዘንድሮ እሁድ ውሏል፤ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይመጣል፣ መናኸሪያው አይቻልም። አባትና እናት ለንግሡ ቢመጡ ግን ለእናንተም ጥሩ ነበር። አልጋ ከአሁኑ ካልተያዘ አይገኝም፣ እቤት ፍራሽ አዘጋጁ።

ዓሣ_ወዳድ | ታኅሣሥ 14
ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ለዋዜማው ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ አምጥታችሁ ጥሩ እራት ብትበሉስ?

የጾም_ሰው | ታኅሣሥ 14
በነቢያት ጾም ዓሣ?

ዓሣ_ወዳድ | ታኅሣሥ 14
የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ። እኔ ዓሣውን ነው የጠቆምኩት።

ቁሌትአብሳይ | ታኅሣሥ 14
ይህ ክርክር ከዚህ ከተማ ሐይቅ ይጠልቃል። ለንስሐ አባታችሁ ተዉትና ወደ ድስቱ እንመለስ።

ቅርጫ_ቆጣሪ | ታኅሣሥ 14
ቅርጫ፦ ግቡ፣ ግን ሙሉ መደብ አትውሰዱ። 100 ኪሎ የሚወጣው በሬ ለ10 ሰው ሲከፈል ለአንድ መደብ 10 ኪሎ ነው። ያለ ፍሪጅ ሁለት ሰው 10 ኪሎ ሥጋ ምን ያደርገዋል? ከሌላ ባልና ሚስት ጋር አንዱን መደብ ለሁለት ተካፈሉ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ፤ ከወጣ በኋላ "ይሄ ብልት ለኔ" ማለት ጎረቤት ያስቀይማል። ሆድ ዕቃው፣ ቆዳውና ጭንቅላቱ እንዴት እንደሚታሰብም አስቀድሞ ይጠየቅ።

የደረሳችሁን ሥጋ በዚያው ቀን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ለጥብስ የሚሆነውን ዕለቱን ብሉ። ቀዩን በጣት ውፍረት ሳይሆን በግማሹ ዘልዝላችሁ በጨው፣ በበርበሬና በቁንዶ በርበሬ አሽታችሁ ለቋንጣ ስቀሉ፤ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ፣ ቁርጥራጮቹ ሳይነካኩ። ወፍራም ዝልዝል ከላይ ደርቆ ከውስጥ ይሸታል። አጥንቱ ለቅቅል። ጥሬ ሥጋ ካማራችሁ የታየና ማኅተም ያለበት ይሁን፤ ግቢ ውስጥ ለታረደ በሬ እሳት ይሻላል፣ ኮሶው ቀልድ አይደለም።

ጿሚ_ያልሆነ | ታኅሣሥ 15
እኛ ፕሮቴስታንት ነን፣ ገና ያው 29 ነው፣ ጾሙ ግን የለብንም። ቅቤውን ከመጀመሪያው ብናስገባውስ ልዩነት አለው?

ቁሌትአብሳይ | ታኅሣሥ 15
ግማሹን ከበርበሬው ጋር፣ ግማሹን ማውረጃው ላይ አድርጉት። ቅመም ያለው ቅቤ ሁለት ሰዓት እሳት ላይ ከቆየ ሽታው ይሄዳል። ማክሰኞ ለሚያስገቡትም ያው ነው፦ 150ው ከዶሮው ጋር፣ 50ው በመጨረሻ።

አሥራ_አንድ_ተኩል | ታኅሣሥ 15
የማክሰኞን ማታ በሰዓት ላስቀምጠው፣ እናንተ ስለምትሮጡ። 12:00 ዶሮዋ ትታረድ፣ ውሃው ቀድሞ ይፍላ። 1:30 ብልቷ ወጥቶ ታጥባ ትለቅ። በዚያ መሃል አንዳችሁ ቁሌቱን አሙቁ፣ ቅቤውን አስገቡ፣ 2 ወይም 3 ብርጭቆ የፈላ ውሃ። 2:00 ቅልጥም፣ ታፋና አንገት ይግቡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ቀሪው። 3:00 ኮረሪማና እንቁላል። 3:15 ይወርዳል። ታጥባችሁ፣ ነጠላችሁን ለብሳችሁ 4:00 ቤተ ክርስቲያን ናችሁ። ለቤተሰብ ስልክ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ፤ ጠዋት ሁሉም ሰው ስለሚደውል መስመር አይገኝም። ለሁለቱም ወገን በአንድ ምሽት፣ አንዱን ለነገ አታሳድሩ፤ ያደረው ወገን ይቆጥራል።

ከቅዳሴ መልስ በሌሊት የሞላ ትሪ አትቅረቡ። ከ40 ቀን በላይ የጾመ ሆድ በቅቤ ላይ ወዲያው ሲወድቅ ጨጓራ ይነሳል። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ የተልባ ውሃ፣ ከዚያ አንድ እንቁላልና ጥቂት ጉርሻ። ዋናው ለምሳ ነው።

የዓርብ_ጠባቂ | ታኅሣሥ 15
ሰው የዘነጋው፦ ገና ረቡዕ ስለዋለ ይበላል፣ ዓርብ ጥር 1 ግን እንደ ወትሮው ጾም ነው። ወጡ ሐሙስ ማታ ካላለቀ ዓርብን ሳይነካ መቆየት አለበት፣ ፍሪጅ ደግሞ የላችሁም። ስለዚህ እንግዳችሁን ሐሙስ ጥሩ። ዓርብ የተረፈ ካለ ጠዋትና ማታ እስኪንተከተክ አሙቁና ቅዳሜ ጨርሱት። እንቁላሎቹን ሐሙስ ብሉ፣ እነሱ ቀድመው ይበላሻሉ። ለዓርብ ምሳ ደግሞ እሁድ ቁሌቱን ስትሠሩ ቅቤ ሳይነካው አንድ ጭልፋ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሽሮ ሲጨመርበት የዓርብ ወጥ ነው። በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ማንኪያ። እሱንም ከዋናው ጋር እኩል አሙቁት።

አዲስጎጆ | ታኅሣሥ 16
እግዜር ይስጥልን፣ ሁሉንም ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። አባወራው ለማረዱ የጎረቤት ጋሼን ለምኗል። ቅርጫውን ከፎቅ ካሉት ጋር ለሁለት ልንካፈል ነው። ሁለት ነገር ቀረን፦ እንቁላሉ ሲላጥ እየተገሸለጠ ያስቸግረናል። ደግሞ 2 ኪሎ ሽንኩርት የተባለው ሳይላጥ ነው ተልጦ?

ላባ_ነቃይ | ታኅሣሥ 16
ትኩስ የተጣለ እንቁላል ነው የሚገሸለጠው። ሐሙስ ገዝታችሁ እስከ ማክሰኞ ይቆይ። ውሃው ሲፈላ አስገቡ፣ 12 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ተልጦ በቢላ ጫፍ በቁመቱ 4 ቦታ ጫር ጫር፣ አስኳሉ እስኪታይ አይሁን።

ቁሌትአብሳይ | ታኅሣሥ 16
ተልጦ። ሐሙስ 2 ኪሎ ተኩል ግዙ፤ ትልልቁን ሳይሆን መካከለኛውንና ደረቅ ልጣጭ ያለውን። አንገቱ የላላ ከሆነ ከውስጥ በስብሷል።